ጣትና ኮቴ

አህያ የምትራመደው በአንዲት ጣት ጫፍ ላይ ነው ብዬ ስናገር ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ ወንበር አንድ ቀጭን ልጅ ተነሣና፣ «አስተማሪ፣ ታዲያ አራቱን ጣት የት ጣለቻቸው?» አለኝ። ሳቁ ባሰ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ተመድቤ፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። የልጁን ጥያቄ በሚገባ መመለስ አማረኝ። የፈረስና የአህያ የጥንት ዘር ከቀበሮ ብዙም የማይበልጥ፣ ጫካ ውስጥ ቅጠል እየቀነጠበ የሚኖር እንስሳ እንደ ነበር ነገርኋቸው። በፊት እግሩ አራት፣ በኋላ እግሩ ሦስት ጣት ነበረው፤ ለረግረግና ለለስላሳ አፈር ብዙ ጣት ይበጃል። ጫካው እየሳሳ፣ ሣሩ እየሰፋ ሲሄድ መደበቂያ ጠፋ። ሮጦ ማምለጥ የቻለው ተረፈ፣ ወለደም። በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት የመሐል ጣቱ እየወፈረ፣ የግራና የቀኙ እየቀጠኑ ሄዱ። ሣር ጥርስ ይሞርዳልና ጥርሱም አብሮ ረዘመ።

«ኮቴ ማለት የመሐል ጣት ጥፍር ነው» አልሁና ሰሌዳው ላይ ሣልሁት። ሥዕሌ ጠርሙስ መሰለ። ልጆቹ በትሕትና ደብተራቸው ላይ ገለበጡት፤ እንዳላመኑኝ ግን ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። አጥንቱን በእጃቸው ላስይዛቸው የቆረጥሁት ያን ቀን ነው።

የምኖረው ሹም አቦ ሰፈር ነበር። ግቢው የአንድ ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ነው። ትርፍ ቤት ሲወረስ የጓሮ ክፍሎቹ ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ እሳቸውና ባለቤታቸው የፊቱን ቤት ይዘው ቀሩ። እኔ ከጓሮዎቹ አንዱን ከቀበሌ ተከራይቼ ገባሁ። ሊጠሉኝ ምክንያት ነበራቸው፤ አልጠሉኝም። ሐጂ እላቸዋለሁ፣ ልጄ ይሉኛል። የአህያ እግር ጓሮ ልቅበር ብዬ ስጠይቃቸው ግን ትክ ብለው አዩኝ።

«የአህያ?»

«አዎ ሐጂ። ሥጋው እስኪረግፍ ብቻ ነው። ለትምህርት ነው።»

«ሌላ የሚማሩበት ነገር ጠፋ?»

ስለ ጣቷ ነገርኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ። «አላህ እንደ ወደደ ይፈጥራል፤ ባንድ ቀንም፣ በብዙ ቀንም» አሉና ትንሽ አሰብ አደረጉ። «ብቻ ከጉድጓድ ውሃው አርቂልኝ።»

ለማነጻጸሪያ የበሬ የፊት እግር የቄራ ሠራተኞች ሰጡኝ። አህያዋን ያገኘኋት በሐሙሲት መንገድ ዳር ነው፤ የጭነት መኪና ገጭቷት ሞታ ነበር። ከቄራ በተዋስሁት ቢላዋ የፊት እግሯን ከትከሻዋ ለይቼ በጆንያ ስይዝ፣ የአውቶቡሱ ረዳት አፍንጫውን ይዞ ጣሪያ ላይ ጫነልኝ። ሦስተኛው የጉማሬ ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ሞቶ መገኘቱን ስሰማ የደንገል ታንኳ ወደሚሠሩት ሰዎች መንደር ወረድሁ። አንድ ሽማግሌ የፊት እግሩን በደንገል ጠቅልለው ሰጡኝ። «ሰው ሁሉ ይህን በላችሁ ብሎ ይጸየፈናል። አንቺ ደግሞ ለልጆች ልታሳዪው ነው?» አሉኝ። አዎ አልኋቸው። ገርሟቸው እስከ መንገዱ ድረስ ሸኙኝ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሦስቱንም ጓሮ ቀበርሁ።

ያ ክረምት የቀይ ሽብር ክረምት ሆነ። ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ሰማዩን ሳይሆን የመንገዱን ዳር ነበር። ልጆች ከየቤታቸው ተወሰዱ። ትምህርት ተከፍቶ ስም ስጠራ፣ የዚያ ቀጭን ልጅ ስም ላይ ስደርስ መልስ ጠፋ። ቀና ብዬ አየሁ። ሁሉም ደብተሩን ያያል። ሁለተኛ አልጠራሁትም።

እናቱ ባል የሞተባቸው፣ ፋብሪካ የሚሠሩ ሴት ነበሩ። ያላቸው እሱ ብቻ ነው። ከታሰረ ጀምሮ ስንቅ ያመላልሱ ነበር፤ አንድ ቀን በሩ ላይ «ከእንግዲህ አታምጪ» ተብለው ሰሐኑን እንደ ያዙ ተመለሱ። ተፈታም፣ ሞተም ያላቸው የለም። ከተማው ግን የዚያን ቃል ፍቺ ያውቃል።

ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ሲጠነክር አጥንቶቹን አወጣሁ። በቆርቆሮ፣ በሳሙና ውሃ ቀቀልኋቸው፤ የጉማሬውን ጣቶች በየቦታቸው በሽቦ አያያዝሁና አንድ ቅዳሜ ረፋድ ጆንያ ላይ ዘርግቼ ፀሐይ አስመታኋቸው። ነጭ ሆነው ሲታዩ ደስ አለኝ። በዚያ ወራት ከጓሮ አጥንት ቆፍሮ ማውጣት ለጎረቤት ምን እንደሚመስል አንድም ጊዜ አላሰብሁም። ከአጥሩ ማዶ የሹክሹክታ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀና ስል ማንም አልነበረም።

ከቀትር በፊት የግቢው በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። የቀበሌው አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን እንደ ያዙ ገቡ። አንደኛው ጆንያውን አየና ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«የማን ነው?» አለኝ።

«የአህያ።»

«የማን ነው ነው ያልሁሽ።»

በአፈሙዙ ወደ አጥንቶቹ አመለከተና፣ «ሰብስቢው» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አንድ በአንድ ወደ ጆንያው ስከት አጥንቱ እርስ በርሱ ይንኳኳ ነበር። ያ ድምፅ አሁንም ይሰማኛል።

ሐጂ ከፊት ቤት ወጡ። «እንድትቀብር የፈቀድሁላት እኔ ነኝ» አሉ። የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ባለቤታቸው በሩ ውስጥ ቆመው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሐጂ ቆባቸውን አስተካክለው ከኋላዬ ተከተሉ። መንገድ ላይ የሚያውቁኝ ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ፤ ስንቃረብ አንዲት ሱቅ ተዘጋች።

በቀበሌው አዳራሽ ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ነበር። አጥንቶቹን ፊቱ ገለበጡለት። ረጅም ጊዜ ሳይነካ አያቸው።

«ነገሩ ሁለት ነው» አለ ድምፁን ሳያነሣ። «አንድም ፀረ አብዮተኞች የገደሉትን ሰው ደብቀሻል። አንድም እርምጃ የተወሰደበትን ቆፍረሽ አውጥተሻል። የትኛው ነው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የሰው አይደለም።»

ከአህያዋ አጥንት ረጅሙን አነሣና በራሱ ክንድ ላይ አስተኛው። «ይኸስ ክንድ አይደለም?»

ክንድ ነው። ለልጆቹ ላሳያቸው የፈለግሁት ይህንኑ ነበር፤ የእኛና የእንስሳው አካል በአንድ መልክ የተሠራ መሆኑን። አሁን ሕይወቴ የተንጠለጠለው አንድ አለመሆናቸውን በማሳየት ላይ ሆነ።

ወደ ጠረጴዛው ቀረብሁና እጄን ከአጥንቱ ጎን ዘረጋሁ። «ክንድ ነው፤ የአህያ ክንድ። ጉልበቷ የምንለው ይህ ደግሞ የእጅ አንጓዋ ነው። ሰው ከአንጓው በታች መዳፉ ውስጥ አምስት አጥንት አለው። እርሷ አንድ ወፍራም ብቻ። ከጎንና ከጎኑ የተለጠፉት እነዚህ መርፌ የሚመስሉት የሌሎች ጣቶቿ ቅሪት ናቸው።» የበሬውን አነሣሁ። «ይህ ሁለት ነበር፤ ተጋጥሞ አንድ ሆነ። ፊቱ ላይ ያለውን መስመር ይዳስሱት። ጫፉ ላይ እንደገና ለሁለት ይከፈላል፤ ሸሆናው የተሰነጠቀው ለዚያ ነው።»

መስመሩን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ያመነኝ መስሎኝ ትንፋሼን ልለቅ ስል የጉማሬውን እግር ሳበው። አራቱ ጣቶች እንደ ተዘረጉ ነበሩ።

«ይህ ግን እጅ ነው።»

በሩ አጠገብ የቆሙት ጠባቂዎች አንገታቸውን አሰገጉ። በእርግጥም የአንድ ግዙፍ ሰው እጅ ይመስላል። «የጉማሬ ነው፣ ጓድ። ውፍረቱን ይዩት። ጭቃና ውሃ ውስጥ ስለሚኖር ጣቶቹን ዘርግቶ መርገጥ ይበጀዋል፤ ለዚህ ነው ያልቀነሱበት።»

«ይህ ሁሉ መቀነስ ስንት ጊዜ ወሰደ?»

«ብዙ ሚሊዮን ዓመት።»

«ቀስ በቀስ?»

«ቀስ በቀስ።»

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ስለዚህ ለወጣቱ፣ ለውጥ በዝላይ አይመጣም፣ እያደር ነው የሚመጣው እያልሽ ታስተምሪያለሽ። ይህ ስም አለው። ጥገናዊ ለውጥ ይባላል።»

ይቀልድ አይቀልድ ከፊቱ ማንበብ አልቻልሁም። በዚያ ስም የታሰሩ ሰዎች ነበሩ።

«የማስተምረው ስለ አህያ ነው፣ ጓድ።»

ከበሩ በኩል አንዱ ጠባቂ ሳቁ አመለጠው። ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ አየው፤ ሳቁ ወዲያው ሞተ። ያ ሳቅ ከአጥንቱ ይበልጥ ሊጎዳኝ እንደሚችል ያን ጊዜ ገባኝ። ሊቀመንበሩ የተዋረደ መስሎት ነበር።

«ሰኞ የእንስሳት ሐኪም ይጠራል» አለ። «እስከዚያ እዚህ ትቆያለች።»

እስከ ሰኞ ይቆያሉ ተብለው ያልተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። ሐጂም ያውቃሉ። ተነሥተው፣ «ጓድ፣ እኔ ልቆይና እሷ ትሂድ። ግቢው የኔ ነበር» አሉ።

«ግቢው የሕዝብ ነው። ይቀመጡ።»

ሐጂ አልተቀመጡም። አጠገቤ እንደ ቆሙ ቀሩ፤ የመቁጠሪያቸው ፍሬ በጣታቸው መሐል ሲያልፍ ይሰማኛል።

በዚህ መሐል ውጭ ድምፅ ተነሣ። ጠባቂው «አይቻልም» ይላል፤ የሴት ድምፅ «ግፋኝ እንግዲህ» ይለዋል። በሩ ተበረገደና የልጁ እናት ሰማያዊ የፋብሪካ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ገቡ። አላለቀሱም፣ አልጮኹም። ጠረጴዛውን ብቻ ነበር የሚያዩት።

«አጥንት ተገኘ ሲሉ ሰማሁ» አሉ። «ልየው።»

«ምኑን ነው የምታዪው?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ልጄን።»

ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን መልሶ አነሣ።

«ልጅሽ እዚህ ምን ያደርጋል?»

«እሱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ስንቁን መለሳችሁብኝ፤ ሬሳ አልሰጣችሁኝም። አሁን ደግሞ የሰው አጥንት ነው ብላችሁ አስተማሪዋን ይዛችኋታል አሉ። የሰው ከሆነ የኔ ሊሆን ይችላል። ልየው።»

ሊቀመንበሩ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔም ዞርሁ። ነጠላቸውን እስከ አፋቸው የተከናነቡ ሴቶች ግቢው ውስጥ ቆመው ነበር፤ ሌሎችም ከመንገዱ ይገባሉ። አንዳቸውም አይናገሩም። የሰው ነው ቢል የማን ነው ሊባል ነው። ያ ጥያቄ ከተጠየቀ ደግሞ ልጅ የጠፋባት እናት ሁሉ የምትቆመው እሱ በር ላይ ነው። ይህን ሲያሰላ ፊቱን አየሁት። በየትኛው በኩል እንደሚያጋድል አላውቅም ነበር።

«ይህ የሰው አጥንት አይደለም» አለ በመጨረሻ። ተነሣና የአህያዋን ቅልጥም ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገው። «አህያ ነው። አንድ ጣት ነው ያለው። ይህ የበሬ ነው፣ ሁለቱ ተጋጥመው። ይህ ደግሞ ጉማሬ ነው፤ ጉማሬ ባለ አራት ጣት ነው።» ጥቂት ቀደም ብሎ የነገርሁትን ቃል በቃል ለውጭው ሕዝብ አስተማረ። አንድም አልሳተም።

«ታዲያ አስተማሪዋ እዚህ ምን ትሠራለች?» አሉ የልጁ እናት።

«ማብራሪያ እንድትሰጥ ነው የተጠራችው። ሰጥታለች።» ወደ እኔ ዞረ። «ውሰጂውና ሂጂ።»

አጥንቶቹን ሰበሰብሁ። ከአዳራሹ ደጅ እስክንርቅ ድረስ ከኋላችን የሚጠራን ድምፅ እየጠበቅሁ፣ ሩጪ ሩጪ እያለኝ በዝግታ ተራመድሁ። ሐጂ በቀኜ፣ የልጁ እናት በግራዬ ነበሩ። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁልን።

የልጁ እናት ክንዴን ያዙኝ። «እሱ ያለውን አላምንም። አንቺ አሳዪኝ።»

ወደ ቤት መመለስ ፈራሁ። ወደ ሐይቁ ወረድንና አንድ ዋርካ ሥር ጆንያውን ፈታሁ። ሐጂ ራቅ ብለው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቆሙ።

«ግራ ክንዱን በልጅነቱ ሰብሮት ነበር» አሉ እናትየው፣ የራሳቸውን ክንድ እየነኩ። «ወጌሻ አሸው። እዚህ ጋ እብጠት ቀረበት።»

እያንዳንዱን አጥንት አቀበልኋቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ይዳስሳሉ፤ የስብራት ጠባሳ ይፈልጋሉ። ይህ የትኛው አካል ነው ይሉኛል፣ እነግራቸዋለሁ። ስለ መርፌዎቹ፣ ስለ መስመሩ ነገርኋቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ አስተምሬ አላውቅም፤ ከአፌ አንዲት ቃል ብትሳሳት የሚጎዳው የሚሰማኝ ሰው ነውና። የጉማሬው እግር ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። መዳፋቸውን በላዩ ዘርግተው ጣት በጣት ለኩት።

«እትዬ፣ ውፍረቱን ይዩት» አልሁ። «የሰው ጣት እንዲህ አይወፍርም።»

ቆይተው መዳፋቸውን አነሡ። «አይደለም» አሉ። እፎይ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ፊታቸው ላይ ያየሁት ግን እፎይታ ይሁን ሌላ ሐዘን ዛሬም ለይቼ አላውቀውም። «እንግዲህ ደግሞ የት ልሂድ?»

አጥንቶቹን የሰበሰብሁት በልጃቸው ጥያቄ ምክንያት መሆኑን ነገርኋቸው።

«ምን ብሎ ጠየቀሽ?»

«አህያ አራቱን ጣት የት ጣለቻቸው ብሎ።»

«እሱ ነገር ይጠይቃል» አሉ። ይጠይቃል አሉ እንጂ ይጠይቅ ነበር አላሉም። ከዚያ ልብሳቸውን አራገፉና ወደ ፋብሪካው ሄዱ፤ ከሥራ ጠፍተው ነበር የመጡት።

እኔ ጆንያውን እዚያው ሐይቅ ውስጥ ልጥለው አነሣሁት። ሐጂ ወደ እኔ መጡ። «ይህን ያህል ከተንገላታሽበት በኋላ?» አሉኝ። ጆንያውን ከእጄ ተቀብለው እሳቸው ተሸከሙት፤ አህያ ያለበትን።

ሰኞ ክፍል ይዤው ገባሁ። ወሬው ቀድሞኝ ነበርና የሳቀ አልነበረም። አጥንቶቹ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። አንዳንዱ ልጅ መዳፉን ገልብጦ ከአጥንቱ ጋር ያስተያያል፣ አንዳንዱ በጥፍሩ መስመሩን ይከተላል። ከጫካው ጀምሬ እስከ ሣሩ ድረስ እንደገና ተረክሁላቸው። በሩ ክፍት ስለ ነበር «ቀስ በቀስ» የሚለውን ቃል ዋጥሁት። በምትኩ «ከብዙ ጊዜ በኋላ» እያልሁ አለፍሁት። ልጆቹ ገብቷቸዋል፤ እኔ የዘለልሁትን አንዷ ተማሪ ፈተና ላይ ጽፋ አገኘሁት፤ ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

ሊቀመንበሩ ዓመት ሳይሞላ እሱም ተወሰደ። ምን እንዳጠፋ የነገረን የለም። ሐጂና ባለቤታቸው ወደ ወረታ፣ ወደ ዘመዶቻቸው ዞሩ፤ ሲሄዱ የግቢውን ቁልፍ ለኔ ሰጡኝ፤ ቁልፉ ግን የድሮው በር ነበር፤ ከተወረሰ በኋላ በሩ ስለ ተለወጠ የሚከፍተው የለም። ያንንም እያወቁ ነው የሰጡኝ። እኔም ወደ ጎንደር ተዛወርሁ። የልጁ ነገር ደርግ ከወደቀ በኋላም አልታወቀም።

እናቱ ግን ፋብሪካውን ትተው ሐሙሲት ላይ ከእኅታቸው ጋር ሻይ ቤት ከፈቱ። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስሄድ አውቶቡሱ እዚያ ሲቆም እወርድና ገብቼ እቀመጣለሁ። ስለዚያ ቅዳሜ አንሥተን አናውቅም ነበር። አንድ የገበያ ቀን ደጁ ላይ ጭነቷ የተራገፈላት በቅሎ ታስራ ቆማለች። ብርጭቆውን እያቀበሉኝ፣ «አስተማሪ፣ በቅሎስ ስንት ጣት አላት?» አሉኝ።

«አንድ ነው። አባትና እናቷም ያላቸው አንድ አንድ ነው።»

«አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት ያለችው ይህችው ናት» አሉና ፈገግ አሉ። ፈገግታቸውን ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየሁት። ስለ በቅሎ የሚነገር ሌላም ነገር ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ መለስሁት። እሳቸው ግን ወደ በቅሎዋ እያዩ፣ «ዘር አይወጣትም፣ አይደል?» አሉ።

«አይወጣትም፣ እትዬ።»

«ጭነት ግን ትችላለች።»

የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተነፋ። ልነሣ ስል ትከሻዬን ጫን አድርገው አስቀመጡኝና ብርጭቆዬን እንደገና ሞሉት። «ጠጪ» አሉኝ። «ሾፌሩ እዚያ ጥግ ገና እየጠጣ ነው።»